በእርሳስ የተጻፈ ስም

በወይዘሮ ያኮሚና ቤት ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ በቀለም የተጻፈና በእርሳስ የተጻፈ።

በደሴታችን ያለ ቤት ሁሉ የልደት ቀን መቁጠሪያውን የሚሰቅለው በመጸዳጃ ቤቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሌላ የሚያየው ስለሌለው የዘመዱን ቀን አይረሳም። የያኮሚና መቁጠሪያ ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጇ፣ እህቶቿ፣ የወንድሞቿ ልጆች በሰማያዊ ቀለም ሰፍረውበታል፤ የቤት ሰው በመሆናቸው በስማቸው ብቻ እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አልተጨመረላቸውም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሞተው ባሏም እዚያው አለ፤ በቀለም የተጻፈ ሰው ቢሞትም አይፋቅም። ለአንድ ዓመት ሥራ ሊለማመዱ የሚመጡ አዋላጆች ግን ከነሙሉ መጠሪያቸው በእርሳስ ይጻፋሉ፤ ሲሄዱ በላጲስ ይጠፋሉ። አራት ስሞች እንዲህ መጥተው ሄደዋል። ከሚያዝያ ዘጠኝ ትይዩ በእርሳስ የተጻፈው አምስተኛው ስም «ሎርና ፕሪቼት» ይል ነበር።

ሎርና በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ተራሮች፣ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ሆና አደገች። አዋላጅነትን እዚያው ተማረች፤ በአንድ ትልቅ ሆስፒታልም ስድስት ዓመት ሠራች። ከዚያም ሴቶች በገዛ አልጋቸው መውለድን እንደ ተራ ነገር ወደሚቆጥሩበት ወደ አገራችን ወደ ኔዘርላንድ መጣች። የአሜሪካ ዲፕሎማዋ ግን ብቻውን አልበቃም። መዝጋቢው ቢሮ ቋንቋችንን አስጠንቶ ከፈተናት በኋላ፣ አንድ ሙሉ ዓመት በነባር አዋላጅ ዓይን ሥር እንድትሠራ ወሰነ። በዓመቱ መጨረሻ ነባሯ አዋላጅ «ብቁ ናት» ብላ ትፈርማለች፣ ወይም አትፈርምም። ፊርማው ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዷ ከሰኔ መጨረሻ አያልፍም።

የምትፈርመው አዋላጅ ያኮሚና ነበረች። የያኮሚና ብቸኛ ልጅ ሌንደርት ደግሞ ሎርናን ይወድ ነበር፤ እርሷም ትወደው ነበር። ይህንን ያኮሚና አታውቅም።

*

«ሦስት ሳምንት» አለ ሌንደርት።

በፖም እርሻው ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። አበባው ረግፎ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኗል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አምስት ሆነው ከታጎሩት ትንንሽ ፖሞች አራቱን በመቀስ እየቆረጠ ይጥላል፤ የቀረው አንዱ እንዲያድግ።

«ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። እማ ትፈርማለች፤ ወረቀቱ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ተያይዘን ገብተን እንነግራታለን። ሦስት ሳምንት ዝም ማለት ምን ያቅታል?»

«ለምራቷ ፈረመች ቢሏትስ?»

«ማን ነው የሚላት?»

«መንደሩ ነዋ! ይሄ መንደር የማን ላም እንዳረገዘች ከባለቤቷ ቀድሞ ያውቃል።»

ሌንደርት ሳቅ አመለጠው። ሎርና ግን አልሳቀችም።

«መንደሩ ባያውቅ እንኳ እኔ አውቃለሁ» አለች። «አንዲት ሴት እያማጠች እጄን ስትይዝ፣ ይቺ እጅ ፊርማዋን በማታለል ነው ያገኘችው ብዬ ማሰብ አልፈልግም።»

«እኔን መውደድ ማታለል ሆነ?»

«መውደዱ አይደለም። መደበቁ ነው።»

ሌንደርት ከመሰላሉ ወረደ። ረጅም፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነበር፤ ሲፈራ ግን ብዙ ይናገር ነበር፤ አሁንም ብዙ ተናገረ።

«እናቴን አላወቅሻትም ማለት ነው! የመንደሩ የፖም ውድድር ዳኛ ሆና፣ አንደኛ የወጣው የወንድሟ ፖም ስለነበር ብቻ ሁለተኛ ያደረገች ሴት ናት። አጎቴ ይኸው አሥራ አምስት ዓመቱ፣ በየልደቱ ያነሳዋል። ከነገርሻት አትፈርምም!»

«ለዚህ ነው የምነግራት።»

«ካልፈረመች ደግሞ ትሄጃለሽ። እንግዲህ መሄድን መረጥሽ ማለት ነው።»

«ሌንደርት፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«እኔ ግን እንደዚያ ነው የሰማሁት።»

ተመልሶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ሎርና ብስክሌቷን ይዛ ወደ አጥሩ በር አመራች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፤ እርሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። እርሱ ሲዞር እርሷ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ነበር። ሁለቱም የሌላውን ጀርባ ብቻ አይተው ተለያዩ፤ እርሷ «አላየኝም»፣ እርሱ «አላየችኝም» ብለው አዘኑ።

*

ማክሰኞ ጠዋት የኢዛክ ሚስት ማትዬ ምጥ ያዛት።

ቤታቸው ባሕሩን ከሚገድበው ረጅም የአፈር ካብ ሥር ነው። እንደ ደንቡ ኢዛክ አልጋውን ከአንድ ወር በፊት በእንጨት ብሎኬት ከፍ አድርጎት ነበር፤ አዋላጅ ወገቧ እንዳይጎብጥ። ያኮሚና መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዋ የተጀመረ ካልሲና የሹራብ መሥሪያ መርፌዎች አወጣች። አርባ ዓመት ሙሉ ልጅ ስትጠብቅ እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ዓይኗ ከሹራቡ ይልቅ ምጥ ላይ ያለችው ሴት ትከሻ ላይ ነው።

ሎርና በመጣች በመጀመሪያው ወር ያኮሚና አንድ ነገር ነግራት ነበር፤ «እጅሽ ከዓይንሽ ይቀድማል። ሆስፒታል እንደዚያ አስተምሮሽ ይሆናል። እዚህ መጀመሪያ ትቀመጫለሽ።» ሎርና ለመቀመጥ ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ዛሬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ምነው ዝም አላችሁኝ!» ብላ ጮኸች ማትዬ። «አንዷ ካልሲ ትሠራለች፣ አንዷ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተገትራ ታየኛለች!»

«ጎበዝ ነሽ፤ ለዚህ ነው ዝም ያልንሽ» አለች ሎርና።

«ጎበዝ አትበይኝ! መቼ ነው የሚመጣው? እሱን ንገሪኝ!»

«በዚህ አገር ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ሕፃን ብቻ ነው» አለች ያኮሚና ከካልሲዋ ቀና ሳትል። «ተንፍሺ።»

ማትዬ እየሳቀች አቃሰተች፤ ያ ሳቅ ከአንድ ሰዓት ምጥ የበለጠ ረዳት።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የሕፃኑ ራስ ወጣ። ወጣና ቆመ። ከዚያም እንደ ኤሊ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጉንጩ ከእናቱ ሥጋ ጋር ተጣበቀ። ሎርና ይህን ታውቀዋለች። ትከሻው ከእናቱ የዳሌ አጥንት ኋላ ተቀርቅሯል። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃ፣ ያውም በጥቂት ደቂቃ የሚቆጠር ነው።

የያኮሚና መርፌዎች መሬት ላይ ወደቁ።

«ማትዬ፣ ስሚኝ» አለች ሎርና። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማው። «አሁን ትገለበጫለሽ። በእጅሽና በጉልበትሽ ትቆሚያለሽ።»

«አልችልም!»

«ትችያለሽ። ኢዛክ፣ በግራ በኩል ወገቧን ያዝ።»

«እንዴት ነው በዚህ ሁኔታ…»

«ያዝ፤ አታውራ!»

ያኮሚና አንድ እርምጃ ወደ አልጋው ቀርባ ነበር። ልትገባ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው። አርባ ዓመት ሙሉ ሌሎችን «ተቀመጡ» ያለች ሴት፣ እርሷም በተራዋ እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ ቆመች።

ማትዬ ተገለበጠች። የዳሌዋ አጥንት በክብደቷ ተከፈተ። ሎርና ከላይ በኩል ያለውን ትንሽ ክንድ በሁለት ጣቷ ፈልጋ አገኘችው፤ ቀስ ብላ በደረቱ ላይ አሻግራ ሳበችው፤ ትከሻው ተፈታ። ሕፃኑ እንደ ተለቀቀ ውኃ እጇ ላይ ወረደ። ሰማያዊ ነበር። ሎርና ጀርባውን በፎጣ አሸች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሕፃኑ አፉን ከፈተና ከእናቱ የባሰ ጮኸ።

«ወንድ ነው» አለች ሎርና።

እናትና ልጅ ተጠርገው፣ የእንግዴ ልጁ በሙሉ ወጥቶ፣ ሕፃኑ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ተመዝኖ፣ ኢዛክ እያለቀሰ ወደ ኩሽና ሄደ። እየሳቀ ተመለሰ፤ ክብ ደረቅ ዳቦ ቅቤ ቀብቶ፣ በስኳር የተለበጠ የእንስላል ፍሬ ነስንሶበት። ልጅ በተወለደበት ቤት ይህን ሳይበሉ መውጣት አይቻልም። ፍሬው ሰማያዊና ነጭ ነበር፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ያኮሚና ዳቦዋን ይዛ ከሎርና አጠገብ ቆመች።

«ይሄን የት ተማርሽ?»

«ተራራ ላይ። የድሮ አዋላጆች እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ መምህሬ ከእነርሱ አየችው።»

«አርባ ዓመት ስሠራ አላየሁትም» አለች ያኮሚና። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ንግግር ነው፤ ለያኮሚና ግን ጉልበቷን መሬት ላይ ከማድረግ አይተናነስም። ሎርና ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም፤ ያልተገባውን ምስጋና የሚቀበል ሰው ኀፍረት አፍኗት ነበር።

*

መኪናው ውስጥ ያኮሚና ቁልፉን አላዞረችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችና በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የቢሮው ወረቀት ነበር።

«ሦስት ሳምንት መጠበቅ ሞኝነት ነው። ዛሬ ያየሁት ይበቃኛል።»

የብዕሯን ክዳን ከፈተች። ሰማያዊ ቀለም የሚሞላ አሮጌ ብዕር ነው፤ የባሏ ነበር። ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፋ፣ የምትፈርምበትን መስመር በጣቷ ፈለገች።

ሰው ክፉ ለመሥራት ሁልጊዜ መነሣት አያስፈልገውም፤ አንዳንዴ ተቀምጦ ዝም ማለት ይበቃዋል። ሎርና ዝም ብትል፣ አንድ ትንፋሽ ብትይዝ ብቻ፣ የዓመታት ልፋቷ ያበቃ ነበር። ፈቃዷ ይጸና ነበር። ሌንደርት ከመሰላሉ ወርዶ «አላልኩሽም?» እያለ ያቅፋት ነበር። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ የስንዴ ቅንጣት ያህል ቀርቶት ነበር።

«ወይዘሮ ያኮሚና፣ አይፈርሙ።»

ብዕሩ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ሌንደርትን እወደዋለሁ። እርሱም ይወደኛል። ከመስከረም ጀምሮ።»

በጎች መንገዱን እያቋረጡ ነበር። ያኮሚና የመጨረሻዋ በግ እስክታልፍ ድረስ አየቻቸው።

«ከመስከረም» አለች።

«አዎ።»

«ስምንት ወር። ገበታዬ ላይ እየተቀመጥሽ።»

«አዎ። መደበቄ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። መውደዴን ግን ይቅርታ አልጠይቅበትም።»

«ይቅርታ ጠይቂበት መች አልኩሽ?»

«አላሉኝም። ቢሉኝም አልጠይቅም።»

ያኮሚና የብዕሩን ክዳን ዘጋች። ወረቀቱን በእጥፋቱ ላይ መልሳ አጠፈችው፤ እጥፋቱን በጥፍሯ አንዴ፣ ሁለቴ ጫነችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲህ በዚህ ላይ የኔ ስም አይሰፍርም። ይሄ ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ቅዳሜ ነይ። አራት ተኩል ላይ። እስከዚያ እኔን አታናግሪኝ፤ ላስብበት።»

መኪናው ተነሣ። ሎርና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሁሉን ያጣች መሰላት፤ ሆኖም ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሳንባዋ ተነፈሰች፤ ይህም ራሷን ግራ አጋባት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤ መጣ። ሎርና ከዳቦ ጋጋሪው ፎቅ ላይ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ሆና ፖስታውን አየችው፤ የሌንደርት ጽሕፈት ነበር። ከእርሻው ከተለያዩ ወዲህ አልተያዩም። ጣቷን ማሸጊያው ሥር አስገባች፤ ከዚያ አወጣች። የልመና ቃል ከሆነ ትደክማለች፤ የስንብት ቃል ከሆነም ትደክማለች። ደክማ ወደ ያኮሚና ቤት መግባት አልፈለገችም። ሳትከፍተው ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ነፋሱን እየታገለች ብስክሌቷን ነዳች። ከአራት ተኩል ሁለት ደቂቃ ቀድማ ስለደረሰች አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀች፤ በእኛ ዘንድ ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ነውር ነው። ልክ በሰዓቱ አንኳኳች።

ያኮሚና ሻይ ቀዳች። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈተች፤ አንድ ለሎርና፣ አንድ ለራሷ አወጣች፤ ክዳኑን ገጠመች።

«መጀመሪያ ሻይ» አለች።

ሎርና ኩባያውን ስታነሣ ሻዩ የኩባያው ማስቀመጫ ሳሕን ላይ ፈሰሰ። «ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤት ልሂድ» ብላ ተነሣች።

በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ ሚያዝያ ሄደ። ዘጠኝ። ስፍራው ባዶ ነበር። የላጲስ ጭረት ወረቀቱን አገርጥቶት፣ የእርሳሱ ጫና እንደ ጥላ ብቻ ቀርቷል። ከበላዩ ያሉት ሰዎች፣ የሞተውም ሰው ሳይቀር፣ በሰማያዊ ቀለም ጸንተው ያይዋታል።

ደብዳቤውን ከኪሷ አወጣችና ቀደደችው። ከዚህ የባሰ ምን ሊመጣ?

አንድ ወረቀት ነበር። «ውድ ሎርና» ይላል፤ ከዚያ በታች የቃል ዘር የለም። በሌንደርት የተስተካከለ ጽሕፈት የመርከብ ሰዓት ብቻ ተደርድሯል። ከደሴታችን ወደ ማዶው የብስ የሚሻገረው መርከብ የሚነሣበት ሰዓት፤ ቀን ከነሰዓቱ፣ ቀን ከነሰዓቱ፣ እስከ ወረቀቱ ግርጌ። የመሄጃ ሰዓት።

እንባዋ መጣ። ጠረገችው። እናትየው ስሟን ፍቃለች፣ ልጅየው መንገዱን አሳይቷታል። አባቷ ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ከሚወርዱት ጋር ሲሰለፍ በልጅነቷ ታየው ነበር፤ የሚፈራ ሰው ፊቱን አይሰውርም፣ መብራቱን ያበራና ይወርዳል ይላት ነበር። ተነሣች፤ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፤ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሌንደርት ከእርሻው ገብቶ ነበር። የእንጨት ጫማውን ደጅ ትቶ በካልሲው ሳሎኑ መካከል ቆሟል።

«ስሜን አጥፍተውታል» አለች ሎርና ለያኮሚና።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«አንተም የመርከብ ሰዓት ጻፍክልኝ።»

«ጻፍኩልሽ» አለ ሌንደርት፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት የሚመስል ነገር ነበረበት።

«በጣም ጥሩ። እንግዲህ ሁለታችሁም ስሙኝ። አልሄድም!» ድምፅዋ ማትዬ ቤት ከነበረው ይልቅ ከፍ አለ። «ሌላ የምታየኝ አዋላጅ እፈልጋለሁ። እርሷ እምቢ ካለች ሌላዋን እፈልጋለሁ። ዓመቱን እንደገና ጀምሪ ካሉኝ እጀምራለሁ። ፈቃዴን ከከለከሉኝ ካገሬ ሆኜ አመለክታለሁ፤ እመለሳለሁም። ይህን ሥራ ማንም በምሕረት አልሰጠኝም፤ ማንም በላጲስ አይወስድብኝም። አንተ ደግሞ ሌንደርት፣ የማትፈልገኝ ከሆነ ፊቴን አይተህ ንገረኝ እንጂ፣ በመርከብ ሰዓት አትንገረኝ!»



«ጨረስሽ?» አለች ያኮሚና።

«ጨረስኩ።»

«ሻይሽ ቀዝቅዟል። ተቀመጪ።»

ሎርና አልተቀመጠችም። ሌንደርት ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ወደ እርሷ ቀረበ።

«ወረቀቱን… ገልብጪው።»

ገለበጠችው። በጀርባውም ሰዓት ነበር፤ የመመለሻ ሰዓት። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ቃል አሁን ነው ያነበበችው። እሑድ። እሑድ። እሑድ።

«የፊቱ ገጽ እኔ ወዳንቺ የምመጣበት ነው፣ ጀርባው የምመለስበት» አለ ሌንደርት። «እስከ ጥቅምት ነው የጻፍኩት። የክረምቱን ሰዓት ገና አላወጡም። ሲያወጡት እጨምረዋለሁ።»

«ወደኔ? የት ነው የምሆነው?»

«ይሄን እኮ ነው ከሻይ በኋላ ልነግርሽ የነበረው» አለች ያኮሚና። «ከውኃው ማዶ፣ ፍራንሲና የምትባል አዋላጅ ዘንድ። ስድስት ወር ታይሻለች። አብረን ነው የተማርነው። እኔን አትወደኝም፣ አትፈራኝምም፤ ስለዚህ ፊርማዋ ንጹሕ ይሆናል። ለቢሮው እውነቱን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ማክሰኞ ያየሁትንም፣ ለምን እንደማልፈርምም። ፈቃድሽ እንዲራዘም ጠይቄያለሁ። እምቢ ሊሉ ይችላሉ።»

«ሊሉ ይችላሉ» አለች ሎርና። «እኔም እንደገና እጠይቃለሁ።»

«ሰምተናል። ጎረቤትም የሰማ ይመስለኛል።» ያኮሚና ወደ ልጇ ዞረች። «ይሄ ደግሞ ሐሙስ እራት ላይ ደረቱን ነፍቶ ‹እማ፣ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ› ይለኛል። ዘግይተሃል አልኩት። ልጅቷ በሁለት ቀን ቀድማሃለች።»

«እማ…»

«ምን ‹እማ› ትለኛለህ? አልዘገየህም?»

«ዘግይቻለሁ» አለ ሌንደርት። ዓይኑን ከሎርና አላነሣም። «መሄድን መረጥሽ ብዬሽ ነበር። አንቺ አልነበርሽም። የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ ፍርሃቴን ላንቺ ሰጠሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ሎርና ስትናገር የወጣው ቃል ያላሰበችው ነበር። «‹እወድሻለሁ› የሚል አንድ ቃል ብትጨምርበት ምን ነበረበት?»

ሌንደርት ከልቡ ግራ ተጋባ። «ሃያ ሁለት እሑድ ጻፍኩልሽ እኮ!»

ያኮሚና ሳቀች። ሎርና በዚህ ቤት ስትስቅ አይታት አታውቅም ነበር፤ ሳቋ የልጇን ይመስል ነበር። ከዚያ ሳቋን ዋጠች፤ ተነሥታ ቦርሳዋን ከፈተችና ያንን አሮጌ ብዕር አወጣች።

«በእርሳስ በተጻፈ ላይ በቀለም አልጽፍም፤ ያስጠላል። መጀመሪያ ይጠፋል፤ ያጠፋሁትም ለዚህ ነው። ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ በቀለም አይጻፍም። የጠራሁሽ ልጠይቅሽ ነበር፤ ፍራንሲና ባትፈርምልሽስ ትቀሪያለሽ ወይ ብዬ። ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሁለቱ ተከተሏት። የመጸዳጃ ቤቱን በር ወደ ውጭ ከፈተችው፤ መነጽሯን አደረገች፤ መቁጠሪያውን በግራ እጇ ደግፋ ያዘች።

«የቢሮው ወረቀት ላይ ስሜን ልጽፍልሽ አልችልም» አለች። «ይሄ በር ግን የኔ ነው። እዚህ ላይ ማንም ቢሮ አይጠይቀኝም።»

ከሚያዝያ ዘጠኝ ትይዩ፣ በገረጣው ስፍራ ላይ፣ ቀስ ብላ ጻፈች። ሎርና ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ አየች። «ሎርና» ከሚለው በኋላ ብዕሩ ተነሣ። ሌላ ስም የሚከተል መስሏት ጠበቀች። ያኮሚና ግን ክዳኑን ገጥማ ነበር።

«እስኪደርቅ በሩን እንዳትዘጉት» አለች። «እኔ ሻዩን ላሙቅ። ልጄ፣ ሁለተኛ ብስኩት ትፈልጊያለሽ?»

ሎርና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሌንደርት ነፋስ እንዳይዘጋው በሩን በአንድ እጁ ያዘ፤ እርሷም ያዘች፤ ጣቶቻቸው በሩ ጠርዝ ላይ ተገናኙ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ሁለቱም እንዳይተነፍሱበት ፈርተው፣ ፊታቸውን ትንሽ ዘወር አድርገው ቆሙ።